ጎጃሜን ማን ይሸጠዋል? ማንስ ይገዛዋል?

ባለፈው ገና ሰሞን አጎቴ ከገጠር ደብረ ማርቆስ መጥቶ ነበር። ጤፉን ሸጦ፣ ዘይትና ጨው ሸምቶ፣ ስለመሸበት እኔ ቤት አደረ። ከራት በኋላ ቴሌቪዥን ከፍተን ተቀመጥን። አንድ አስቂኝ ድራማ እየታየ ነበር። ከገጠር አዲስ አበባ የገባ ሰውዬ ነው፤ ቁምጣ ለብሷል፣ ዱላ ይዟል። አሳንሰር ውስጥ ገብቶ በሩ ሲዘጋበት «ዋጠኝ! ዋጠኝ!» እያለ ይጮኻል። አነጋገሩ የእኛን አካባቢ ለመምሰል ይንገዳገዳል። ልጆቼ በሳቅ ወደቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ይደበቃል።

አጎቴ አልሳቀም፤ አልተቆጣምም። ዝም ብሎ ሲመለከት ቆየና «ይኸ ሰውየ አገሩ ወዴት ነው?» አለኝ።

«ጎጃም ነው እኮ አያ።»

«ኸጎጃም ወዴት?»

መልስ አጣሁ። የድራማው ሰውዬ ወረዳ የለውም፣ ደብር የለውም፣ የአባቱ ስም አይታወቅም። ጎጃሜ ነው፤ አለቀ።

ወዲያው ማስታወቂያ ገባ። አዲስ አበባ ውስጥ የሚሠራ አፓርትመንት፣ መዋኛ ያለው፣ ጂም ያለው። አጎቴ ሁለተኛውን ጥያቄ ያመጣው ያኔ ነው፦ «አንተ ልጅ፣ ይኸን ሁሉ የሚያሳዩን በነጻ ነው? እነዚህን ሰዎች የሚከፍላቸው ማነው?»

አጎቴ ፊደል የቆጠረው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ነው። ግን ዕድሜውን ሙሉ እህል ሸጧል፤ ገበያ ላይ ዋጋ የሚቆርጠው ማን እንደሆነ ያውቃል። እኛ ዲግሪ ግድግዳ ላይ የሰቀልነው ሰዎች ስለ ሚዲያ ቀኑን ሙሉ ስናወራ ውለን ይቺን ጥያቄ አናነሳትም። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ እሱ ነው።

ቁጣችንም ይሸጣል

በየጥቂት ወሩ የምናየው ነገር አለ። አንድ ኮሜዲያን ወይም አንድ ቲክቶከር «ጎጃሜን ሰደበ» ይባላል። ቪዲዮው ተቆርጦ በየግሩፑ ይሰራጫል። «እዩት ይህን ባለጌ!» እያልን ለሃያ ሰው እንልካለን። ያልሰማው ሁሉ ሄዶ ያያል። በሁለተኛው ቀን አንዱ ዩቲዩበር «ጎጃሜዎች ተቆጡ» የሚል ቪዲዮ ይሠራል፤ እሱንም እናያለን። በአራተኛው ቀን ተሳዳቢው እንባ እየተናነቀው ይቅርታ ይጠይቃል፤ እሱንም እናያለን። ሳምንቱ ሲያልቅ ስድቡ ተሸጧል፣ ቁጣው ተሸጧል፣ ይቅርታውም ተሸጧል። ትርፉን ማን ወሰደ? እኛ የወሰድነው ደም ግፊት ብቻ ነው።

የምለው ነገር አንድ ነው፦ ስክሪን ላይ የምናየው ጎጃሜ ሰው አይደለም፤ ዕቃ ነው። የዕቃ ቅርጽ የሚወሰነው ደግሞ በገዢው ነው። ስለዚህ «ለምን እንዲህ አሳዩን?» ብሎ መጮህ ብቻውን ዋጋ የለውም። «ለማን አሳዩን? ማን ከፈለ?» ካላልን የምንጣላው ከጥላ ጋር ነው።

እስኪ ስክሪኑ ላይ ያሉትን ጎጃሜዎች እንቁጠራቸው። እኔ አራት አግኝቻለሁ፦ ሞኙ፣ ሞዴሉ፣ ምስኪኑና ጀግናው። አራቱም የተለያየ ገዢ አላቸው።

1. ሞኙ

ይህ የአሳንሰሩ ሰውዬ ነው። ከእሱ በስተጀርባ ያለውን ገንዘብ ለማየት ትንሽ ወደ ኋላ እንሂድ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሲጀምርና ከዚያም በኋላ ለአሥርተ ዓመታት አገሪቱ ያላት ያው የመንግሥት ጣቢያ ብቻ ነበር። የግል የሳተላይት ጣቢያዎች ሲመጡ ግን ነገሩ ተለወጠ። የግል ጣቢያ የመንግሥት በጀት የለውም፤ የሚኖረው በማስታወቂያ ነው። ብዙ ሰው የሚሸጠው ፕሮግራሙ ይመስለዋል። አይደለም። ፕሮግራሙ ማጥመጃ ነው። የሚሸጠው የተመልካቹ ዓይን ነው፤ ገዢው ደግሞ ማስታወቂያ አስነጋሪው ድርጅት ነው።

ለዓመታት ትልቁ ገዢ ቢራ ነበር። የመዝናኛ ፕሮግራም ሁሉ በቢራ ስፖንሰር ይከፈታል፣ በቢራ ይዘጋል። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ሲታገድ ስንቱ ፕሮዲዩሰር ራሱን እንደያዘ ታስታውሳላችሁ። በአንድ አዋጅ የስንት ፕሮግራም እስትንፋስ ተቆረጠ። ያን ጊዜ ነው ማን ማንን እንደሚቀልብ በግልጽ የታየው። ዛሬ ማታ ደግሞ አንድ ሰዓት ቁጭ ብላችሁ ማስታወቂያውን ቁጠሩት፤ ሪል እስቴት፣ ባንክ፣ ዱቄት ወተት፣ የቤት ዕቃ።

አሁን አጎቴን እዚህ ውስጥ ፈልጉት። አፓርትመንት አይገዛም። ዱቄት ወተት አይገዛም፤ ላም አለው። ስለዚህ ለማስታወቂያ አስነጋሪው አጎቴ ተመልካች ተብሎ አይቆጠርም። ተመልካች ካልሆነ ደግሞ የሚከፋው ቢከፋ ማንም አይከስርም። የቦሌው ቤት ገዢ ቢከፋ ግን ስፖንሰሩ ስልክ ይደውላል። ቀልዱ ሁልጊዜ ከከተሜው ወደ ገበሬው የሚወርደው ለዚህ ነው። ጸሐፊው ክፉ ስለሆነ አይደለም። ብዙዎቹ የገበሬ ልጆች ናቸው፤ እንጀራቸውን እየጋገሩ ነው። ግን ምጣዱ የሌላ ሰው ነው።

2. ሞዴሉ

ይኼኛው ጎጃሜ አይስቅም፣ አያስቅም። በማሳው መካከል ቆሞ፣ ከኋላው ስንዴው ተዘናፍሎ፣ «በተደረገልን ድጋፍ ምርታችን በእጥፍ አድጓል» ይላል። ማይክራፎኑን የያዘው የመንግሥት ጣቢያ ነው። ይህ ሰው አያማርርም፣ አይጠይቅም፣ ዋጋ አይከራከርም። «አንድ ለአምስት» ተደራጅቶ «ልምድ ይለዋወጣል»። ገበሬ መሆኑ እንኳ ቀርቷል፤ «አርሶ አደር» ነው።

የዚህኛው ገዢ ማስታወቂያ አስነጋሪ አይደለም፤ በጀት መዳቢው ነው። የጣቢያው ዋና ገቢ ከመንግሥት ካዝና ከሆነ፣ ዋናው ተመልካቹም ካዝናውን የያዘው ባለሥልጣን ነው። ዘገባው የሚሠራው ለእኛ አይደለም፤ ከላይ ላለው ሰው «ሥራው እየተሠራ ነው» ለማለት ነው።

2015 ዓ.ም.ን አስታውሱ። ክረምቱ ሊገባ ሲል ማዳበሪያ ጠፍቶ በክልላችን ገበሬው ሰልፍ እስከ መውጣት ደርሶ ነበር። ለዓመታት ስክሪን ላይ የምናውቀው ሞዴል አርሶ አደርና ያን ክረምት መንገድ ላይ የወጣው ሰው አንድ ናቸው? አንድ ናቸው። አንዱ የሚታየው የሚከፍልለት ስላለ ነው። ሌላው የማይታየው የሚከፍልለት ስለሌለ ነው።

3. ምስኪኑ

ይህንን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ዩቲዩብ ላይ ነው። ታምኔሉ ላይ የምታለቅስ እናት፣ ቀይ ቀስት፣ «አስለቃሽ! ልብ የሚሰብር!» የሚል ጽሑፍ። ከቀዬዋ የተፈናቀለች፣ ልጇን ያጣች፣ አዲስ አበባ መንገድ ዳር የወደቀች ሴት ናት። ጠያቂው ጎንበስ ብሎ «እማዬ፣ ያን ቀን ምን ተሰማዎት?» ይላታል። ታለቅሳለች። ካሜራው ፊቷ ላይ ይጠጋል። ሙዚቃው ይገባል። ከዚያ ያንኑ ጥያቄ አዙሮ ይጠይቃታል።

ለምን ደጋግሞ እንደሚጠይቃት ታውቃላችሁ? ከምክንያቶቹ አንዱ ሰዓት ነው። ዩቲዩብ ላይ ቪዲዮ መሐል ማስታወቂያ ለማስገባት ቪዲዮው ቢያንስ 8 ደቂቃ መሆን አለበት። አንድ ቻናል ከማስታወቂያ መካፈል የሚጀምረው ደግሞ 1,000 ተከታይና በአንድ ዓመት ውስጥ 4,000 ሰዓት ዕይታ ሲኖረው ነው። ከዚያ በኋላ በቪዲዮው ላይ ከሚገባው የማስታወቂያ ገቢ 55 በመቶው ለቻናሉ፣ 45 በመቶው ለዩቲዩብ ነው። ሒሳቡ ይህ ነው። የእናትየዋ እንባ በደቂቃ ተመትሮ 55 ለአንዱ፣ 45 ለሌላው ይከፈላል። እሷ በዚህ ክፍፍል ውስጥ የለችም።

«እርዳታ ይሰበሰብላታል እኮ» ትሉኛላችሁ። ይሰበሰባል፤ እውነት ነው። በዚህ መንገድ የታከመ፣ ቤት ኪራይ የተከፈለለት ሰው አለ። ያን ሥራ በቅንነት የሚሠራን ሰው እግዚአብሔር ይስጠው። ግን ሁለት ነገር እንለይ። እርዳታው የሚመጣው ከለጋሹ ኪስ ነው። የማስታወቂያው ገንዘብ ሌላ ነው፤ እሱ የሚመጣው ከፊቷ ነው። ስለ መጀመሪያው በአደባባይ ደረሰኝ ይታያል፤ ስለ ሁለተኛው ማንም አይናገርም። ደግሞስ አንድ ጊዜ እርዳታው ተሰብስቦ ካለቀ በኋላ ቪዲዮው ይነሳል? አይነሳም። ሴትዮዋ ከአምስት ዓመት በኋላ ሱቅ ከፍታ፣ ልጆቿን አስተምራ ብትገኝ እንኳ፣ ኢንተርኔት ላይ ዛሬም መንገድ ዳር ወድቃ ታለቅሳለች። ልጇ ትምህርት ቤት ሲሄድ ጓደኞቹ ስልካቸውን አውጥተው ያሳዩታል።

4. ጀግናው

እዚህ ላይ አንዳንዶቻችሁ ትቆጡ ይሆናል። ይሁን።

አራተኛው ጎጃሜ ጥይት የማይበሳው ነው። ዘፈን ውስጥ አለ፣ ላይቭ ውስጥ አለ፣ የፖለቲካ ቻናል ውስጥ አለ። አይራብም፣ አይፈራም፣ አያለቅስም፣ ሚስት የለችውም፣ ብድር የለበትም፣ የሚታጨድ እህል የለውም። ደረቱን ነፍቶ ይሞታል፤ ሲሞትም ግጥም ይገጠምለታል። ይህ ሥዕል ስለሚያሞግሰን ስድብ አይመስለንም። እኔ ግን ከሞኙ ይልቅ ይኼኛው ያስፈራኛል። ሞኙ ቢያንስ በሕይወት ይኖራል።

የዚህ ገዢ ማነው? አብዛኛው ሩቅ ነው። በዩቲዩብ ገበያ ተመልካች ሁሉ እኩል ዋጋ የለውም። ዋሽንግተን ወይም ፍራንክፈርት የተቀመጠ ሰው አንድ ቪዲዮ ሲያይ የሚገባው ማስታወቂያ፣ ፍኖተ ሰላም የተቀመጠ ሰው ሲያይ ከሚገባው ብዙ እጥፍ ይከፍላል። ማስታወቂያ አስነጋሪው የሚገዛው የተመልካቹን የመግዛት አቅም ነዋ። ቲክቶክ ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ ላይቭ ላይ ስጦታ በቀጥታ ይወረወራል፣ ድርጅቱ ድርሻውን ይቆርጣል፣ የቀረው ለባለ ላይቩ ነው። ስጦታው የሚጎርፈው መቼ ነው? ረጋ ብሎ ሲያስረዳ ነው ወይስ ሲፎክር?

ባሕር ማዶ ያለውን ወገኔን እየወቀስኩ አይደለም። ናፍቆቱ እውነት ነው፣ ጭንቀቱም እውነት ነው፤ እናቱ እዚህ ናት። ነገር ግን ያ ናፍቆትና ያ ጭንቀት ገበያ ላይ ከወጣ ቆይቷል። ተራኪው የሚያገኘው «ዛሬ ዝናብ ጥሩ ነው፣ ገበያው ቆሟል፣ አንድ ትምህርት ቤት ተከፍቷል» ሲል አይደለም። «ሰበር!» ሲል ነው። ስለዚህ ከዜናው ውስጥ ጎጃም የሚኖር ሰው ይወጣና ጎጃም የሚሞት ሰው ብቻ ይቀራል። ፉከራው እዚያ ይሸጣል፤ ለቅሶው እዚህ ይቀመጣል።

ማስረጃው ኢንተርኔት የጠፋ ጊዜ ታይቷል

«ይህ ሁሉ ግምት ነው» የሚለኝ ካለ አንድ ነገር ልጠይቀው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ ተቋርጦም ለወራት ሲቆይ፣ ስለ ጎጃም የሚሠሩት ቻናሎች ከሰሩ ወይ? ተዘጉ ወይ?

አስቡት። አንድ ነጋዴ ደንበኛው በሙሉ በአንድ ቀን መንገድ ቢዘጋበት ሱቁን ይዘጋል። እነዚህ ግን አልዘጉም። ደብረ ማርቆስ፣ ቢቸና፣ ደጀን፣ ሞጣ፣ ቡሬ ያለ ሰው አንድም ቪዲዮ ማየት በማይችልበት ጊዜ ስለ እሱ የሚወራው ወሬ ቀጠለ። ደንበኞቹ እኛ ብንሆን ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር። እኛ ደንበኛ አልነበርንም። እኛ ጥሬ ዕቃ ነበርን። ጥሬ ዕቃ ደግሞ ስለ ምርቱ አስተያየት አይጠየቅም።

መስመሩ ሲመለስና ያንን ሁሉ ወደ ኋላ ሄደን ስናይ ስንቶቻችን ነን በራሳችን ሰፈር ላይ ሆነ የተባለውን አይተን «ይህ መቼ ሆነ?» ያልን? በአካል እዚያ ነበርን እኮ።

እንዲህ ብቻ አልነበረም

ተስፋ አስቆራጭ እንዳይመስልባችሁ አንድ ነገር ላንሳ። ሐዲስ ዓለማየሁ ከደብረ ማርቆስ ብዙም በማይርቀው እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ነው የተወለዱት። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ፤ በኋላም ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ማንበብ የማይችለው ሁሉ ሰማው። እዚያ መጽሐፍ ውስጥ ጎጃሜ ስንት ዓይነት ነው? ትዕቢተኛ ፊታውራሪ አለ፣ የቅኔ ተማሪ አለ፣ የሚያስቅ አለ፣ የሚያስለቅስ አለ፣ አላግባብ የተጠየቀውን አንሰጥም ብለው በአበጀ በለው መሪነት የተነሡ ባላገሮች አሉ። እንደ እብድ የሚቆጠረው ጉዱ ካሳ ከሁሉም በላይ አርቆ ያያል። ሞኝም አለ፤ ግን ሞኙ አገር ሙሉውን አይወክልም። ያ ነው ልዩነቱ።

መጽሐፉ በታተመ በሁለት ዓመቱ፣ በ1960 ዓ.ም.፣ የጎጃም ገበሬ አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር አንከፍልም ብሎ ተነሣ። ሞጣ፣ ቢቸና፣ ዳሞት ተንቀሳቀሰ። ጦር ተላከበት፤ በመጨረሻ ግን መንግሥቱ ራሱ ወደ ኋላ ለማለት ተገደደ፣ ገዢውም ተነሡ። ስለ ሕግ የሚከራከር፣ ስለ ግብር የሚያሰላ፣ ተመካክሮ የሚወስን ገበሬ ነበር ማለት ነው። ይህን ሰው በአስቂኝ ድራማ ውስጥ አይታችሁት ታውቃላችሁ? ከአራቱ አንዱም እሱን አይመስልም።

ዱሮ ጥሩ ነበር እያልኩ አይደለም። ያኔ ሬዲዮውም ጋዜጣውም በአብዛኛው በመንግሥት እጅ ነበር። የምለው፣ ሌላ ዓይነት ሥዕል መሳል እንደሚቻል በዚችው መሬት ታይቷል።

«ቀልድ ነው፣ ተወው» ለሚሉኝ

ሦስት መልስ ሁልጊዜ ይቀርብልኛል።

አንደኛው «ቀልድ ነው» ነው። ቀልድ መሆኑን አውቃለሁ። ጎጃም ቀልድ አያጣም። ግን ባላገሩ ራሱ የሚያወራውን ቀልድ ልብ ብላችሁ ስሙት። እዚያ ውስጥ ዳኛውን የሚያታልል፣ ግብር ሰብሳቢውን የሚያሞኝ፣ ቄሱን በነገር የሚይዝ ባላገሩ ነው። ቴሌቪዥኑ ጋ ሲደርስ አቅጣጫው ይገለበጣል። ደግሞ ቀልዱ ስክሪን ላይ አይቀርም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጃችን በመጀመሪያው ሳምንት አፉን ሲከፍት ይሳቅበታል፤ በሁለተኛው ሳምንት ዝም ማለት ይማራል፤ በሦስተኛው ወር ላይ «ኸ»ውን ጥሎ ይመጣል። ለእናቱ ስልክ ሲደውል ከዶርሙ የሚወጣ ተማሪ አውቃለሁ፤ እንዳይሰሙት ነው። ይህ ቀልድ አይደለም።

ሁለተኛው «ሕዝቡ ይወደዋል፤ ቪው አለው» ነው። ገበያ ላይ ሽሮ ብቻ ካለ ሁሉም ሽሮ ይበላል። ከዚያ «ሕዝቡ ሽሮ ነው የሚወደው» ማለት ማስረጃ አይሆንም። ደግሞ የትኛው ሕዝብ? ከላይ እንዳየነው የሚቆጠረው የሁሉም ዓይን አይደለም።

ሦስተኛው ከእኛው ወገን የሚመጣ ነው፦ «ይታሰሩ! ይከልከሉ! የጥላቻ ንግግር አዋጅ አለ አይደል?» አዎ፣ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አለ። ሰው በዘሩ ይገደል የሚልን ሰው ሕግ ይጠይቀው። ግን ኮሜዲያን ላይ ፖሊስ መላክ የጀመርን ቀን ቀጥሎ የሚታሰረው ማዳበሪያ ጠፋ ያለው ገበሬ ነው። ክልከላው ሞኙን ያስወግድና ሞዴሉን ብቻ ያስቀርልናል። እኔ ይህን አልፈልግም።

ምን እናድርግ?

ጎጃም የቅኔ አገር ነው። ዋሸራና ጎንጅ የቅኔ ቤት ስም የሆኑት በከንቱ አይደለም። አንድ የቆሎ ተማሪ አኮፋዳውን ይዞ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ ዓመታት የሚማረው ምንድን ነው? ከሚሰማው በታች ሌላ ነገር እንዳለ ማወቅ። ሰሙ ይህ ከሆነ ወርቁ ምንድን ነው ብሎ መጠየቅ። ታዲያ ይህን ያህል ዘመን ሰምና ወርቅ ስንለይ የኖርን ሰዎች ዩቲዩብ ላይ ስንደርስ ሰሙን ብቻ ይዘን መጣላታችን አያሳፍርም? ሰሙ ቀልዱ ነው፣ እንባው ነው፣ ፉከራው ነው። ወርቁ ደግሞ እዚህ ላይ በቁሙ ወርቅ ነው፤ ገንዘብ።

ስለዚህ፦

አንድ፦ ስድቡን አታሰራጩ። የተሳደበውን ሰው መቅጣት ከፈለጋችሁ አትመልከቱት። ለሌላ ማስረዳት ካለባችሁ በቃል አስረዱ። ሊንክ አትላኩ።

ሁለት፦ ኮሜዲያኑን ትታችሁ ስፖንሰሩን ጠይቁ። ቅድም አጎቴ አፓርትመንት አይገዛም ብያለሁ። ባንክ ግን ይገባል። ጤፉን የሸጠበትን የሚያስቀምጠው ከተማችን ባለ የባንክ ቅርንጫፍ ነው። ያ ባንክ ከአጎቴ ገንዘብ ቆጥሮ እየተቀበለ አጎቴን ሞኝ አድርጎ የሚያሳይ ፕሮግራም ስፖንሰር ካደረገ፣ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጁን በጨዋ ደንብ መጠየቅ መብታችን ነው። «ገንዘባችንን እዚህ የምናስቀምጠው እንዲሳቅብን ነው?» አንድ መቶ ደንበኛ ይህን ቢጠይቅ ዋናው መሥሪያ ቤት ይሰማል። አንድ ሚሊዮን የቁጣ ኮሜንት ግን ለባለ ቪዲዮው ትርፍ ነው።

ሦስት፦ ካሜራ ይዞ ወደ ችግረኛ ቤት የሚመጣን ሰው ሦስት ነገር ጠይቁት። ከቪዲዮው ገቢ ለባለቤቲቱ ስንት ይደርሳታል? ቪዲዮው መቼ ይነሳል? «አልፈልግም» ካለች እርዳታው ይቀራል ወይ? መልስ ከሌለው በር አሳዩት።

አራት፦ አስተማሪዎች፣ ይህን ክፍል ውስጥ አስገቡት። የተለየ መጽሐፍ አያስፈልግም። አማርኛ ክፍለ ጊዜ ላይ አንድ ማስታወቂያ፣ አንድ ቀልድ፣ አንድ ዜና ውሰዱና ልጆቹን ጠይቁ፦ ማን ተሳለ? ለማን ተሳለ? ማን ከፈለ? ግጥም ውስጥ ሰም ከወርቅ የሚለይ ልጅ ይህ አያቅተውም። በባሕር ዳርም በደብረ ማርቆስም ዩኒቨርሲቲ ያላችሁ ተማሪዎች ደግሞ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ አጣን አትበሉ። አንድ ወር ቁጭ በሉና በምሽት ፕሮግራሞች ላይ ገበሬ ስንት ጊዜ እንደታየ፣ ምን እንደተናገረ፣ ስም እንደተሰጠው ወይም እንዳልተሰጠው ቆጥራችሁ አምጡልን። ቁጥር ካለን ክርክሩ ይቀየራል።

አምስት፦ ራሳችን እንሥራ። የጮቄን ተራራ በድሮን አንስቶ ዋሽንት ማስገባት ብቻ አይደለም የምለው፤ ያም አምስተኛ ጭምብል ነው፣ ለቱሪስት የሚሸጥ። አንድ ገበሬ ስሙ ተጠርቶ፣ ወረዳው ተነግሮ፣ ስለ ጤፍ ዋጋ፣ ስለ ልጁ ትምህርት፣ ስለ ጉልበቱ ሕመም፣ ስለሚወደው ዘፈን ሲያወራ የሚያሳይ አሥር ደቂቃ ሥሩ። ቪው ላያመጣ ይችላል። ቢያንስ አጎቴ «አገሩ ወዴት ነው?» ብሎ አይጠይቅም።

እኔስ?

ከዚህ ሁሉ በኋላ ራሴን ካላነሳሁ ሐቀኛ አልሆንም። ቴሌግራምም ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ቢያንስ 1,000 ተከታይ ላለው ቻናል ከማስታወቂያ ገቢው ግማሹን አካፍላለሁ ብሏል። እኔም ርዕስ ስመርጥ የትኛው እንደሚከፈት አስባለሁ። የዚህን ጽሑፍ ርዕስ መጀመሪያ «ሚዲያና ገበሬው» ብዬው ነበር፤ ማንም እንደማይከፍተው ስላወቅሁ ቀየርኩት። እኔም ጎጃሜን ሸጬ ይሆናል ማለት ነው። ስለዚህ ጥያቄውን እኔ ላይም አንሱት። ማን ከፈለህ? ለማን ጻፍክ? ብትሉኝ ቅር አይለኝም።

አጎቴ በማግስቱ ጠዋት ሲሄድ መናኸሪያ ድረስ ሸኘሁት። ስለ ማታው የነገርኩትን ሁሉ፣ ስለ ማስታወቂያው፣ ስለ ስፖንሰሩ ሰምቶኝ ነበር። መኪናው ውስጥ ገብቶ ከተቀመጠ በኋላ በመስኮት ጠራኝና «እንግዲያ እኛን ሲሸጡን ከርመዋል፤ ዋጋችንን እንኳ አልነገሩን» አለኝ።

ዋጋችንን እንጠይቅ። ቸር እንሰንብት።